ሰንጢ የሠሪውን ስም ሲይዝ

የድንበር ነጋዴ ቢፈተሽ ሦስት ነገር አይጠፋበትም፦ ስልክ፣ የተጣጠፈ ደረሰኝና ሰንጢ። ሞያሌ ላይ የጆንያ አፍ የተሰፋበትን ሲባጎ የምንበጥሰው፣ የቦንዳ ማሰሪያ የምንቆርጠው፣ መኪና ስንጠብቅ ብርቱካን የምንልጠው በሰንጢ ነው። ይህን ያህል ዓመት ስንይዘው ግን ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ዕቃ ነዋ! ከጠፋ ሌላ ይገዛል።

እንድንጠይቅ ያደረገን ኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብረን የምንሠራ አራት ሴቶች ገንዘብ አዋጥተን ከአንድ ጅምላ ሻጭ አምስት ደርዘን ሰንጢ አነሣን። እጀታው ላይ ጨረቃና ኮከብ አለው፣ ስለቱ ላይ ኦካፒ የሚለው የታወቀ ስም ተመትቶበታል፣ ዋጋውም ይማርካል። በሳምንቱ ከመካከላችን አንዷ ጆንያ ስትከፍት ስለቱ ተመልሶ ጣቷ ላይ ታጠፈ። አራት ቦታ ተሰፋች። ደንበኞቻችንም አንድ በአንድ እየመጡ ዕቃውን ጠረጴዛችን ላይ ወረወሩት። የተረፈውን ለመሸጥ ኅሊናችን እምቢ ስላለ በኪሳራ መዝገብ ጻፍነው።

በዚያው ሰሞን ከሞምባሳ ጭነት ይዞ የሚመጣ አንድ ሾፌር ሻይ ሊጠጣ አጠገባችን ተቀመጠ። ነገሩን ሲሰማ “ኪሱ፣ ኪሱ” እያለ እጁን ዘረጋ። እኛ ኪሱን ተመለከትን። ለካ በስዋሂሊ “ኪሱ” ማለት ቢላዋ ነው! እኛ ስንስቅ እሱም ሳቀና ከአባቱ የወረሰውን ሰንጢ አውጥቶ ከእኛው ጎን አስቀመጠ። ሁለቱን እያፈራረቀ ከፈተ፣ ዘጋ። የእሱ ሲከፈት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የእኛው ዝም ይላል። ስሙ የተመታበት ቦታ የእሱ ጠልቆ ይታያል፤ የእኛው በጥፍር ሲፋቅ ይለቃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማረን። ሊሸጥልን ወይም ሊገዛን የፈለገው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሞያሌ በደረሰ ቁጥር ሳይጠይቀን አያልፍም፤ እኛም ያገኘነውን አሮጌ ሰንጢ እያቆየን እናሳየዋለን። ስለ ሰንጢ ታሪክ ማንበብ የጀመርነው በእሱ ምክንያት ነው። ያነበብነውን ለእናንተም እናካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦካፒ ከየት መጣ?

ብዙዎቻችን ኦካፒ የደቡብ አፍሪካ ዕቃ ነው ብለን እናስባለን። ዛሬ እውነት ነው፤ መነሻው ግን ጀርመን ነው። ከ1902 ጀምሮ በጀርመን የስለት ከተማ በዞሊንገን የተሠራው ያኔ ጀርመን በአፍሪካ ለያዘቻቸው ቅኝ ግዛቶች ገበያ ታስቦ ነበር። ዛሬ ታንዛኒያ ከምንለው አገር ትልቁ ክፍል ያኔ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ አካል ነበር። ስሙ የተወሰደው በኮንጎ ደን ከሚኖረው እንስሳ ነው፤ አውሮፓውያን ሳይንቲስቶች እንስሳውን ለይተው የመዘገቡት ገና በ1901 ስለነበር ስሙ ትኩስ ወሬ ነበር። በ1988 ሥራው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ።

ስለዚህ ይህ ሰንጢ እንደ እኛው ድንበር ሲሻገር የኖረ ነው። በቅኝ ገዥ ነጋዴ እጅ መጣ፣ የእረኛና የሾፌር ኪስ ገባ፣ በመጨረሻም መሠሪያው ራሱ ወደ አፍሪካ ተሻገረ። በየአገሩ የሚወደደው በሦስት ነገር ነው፦ ዋጋው ለድሃ አይከብድም፣ ብረቱ በቀላሉ ይሳላል፣ ከጀርባው ያለው መቆለፊያ ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ይላል። የሾፌሩ አባት ያወረሰውም ለዚህ ነው።

ሼፊልድና ምልክቷ

ዞሊንገን ራሷ ግን ተወዳዳሪ ነበረባት፤ የእንግሊዟ ሼፊልድ። ሼፊልድ ዙሪያዋን ፈጣን ወንዞች ስላሏት የመሞረጃ ድንጋዩን በውሃ ኃይል ታዞር ነበር። ድንጋዩም፣ ከሰሉም እዚያው ይገኛል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔው ቻውሰር ስለ አንድ ባለ ወፍጮ ሲተርክ ሰውዬው የሼፊልድ ቢላዋ ይዞ እንደሚዞር ጽፏል። ከ600 ዓመት በፊት የከተማዋ ስም ብቻውን ዋስትና ነበር ማለት ነው።

ያን ዋስትና ለመጠበቅ በ1624 በፓርላማ ሕግ የስለት ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የተማረውን ሠራተኛ ይመዘግባል፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ምልክት ይሰጣል። አንዱ ኮከብ፣ አንዱ መስቀል፣ አንዱ ፊደል ይመታል። ምልክቱ የሚመታው ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ዕቃው ቢበላሽ ሠሪው በምልክቱ ይታወቃል፤ ቢወደድም እንዲሁ። እኛ በዲፕሎማ ትምህርታችን ስለ ንግድ ምልክት ስንማር የወረቀት ጉዳይ ይመስለን ነበር። ለካ መጀመሪያ የመዶሻ ጉዳይ ኖሯል።

ከዚያ ምልክት በስተጀርባ ብዙ ሰው አለ። ሼፊልድ ውስጥ “ሊትል ሜስተር” የሚባሉ በራሳቸው የሚሠሩ ሙያተኞች ነበሩ፤ ትንንሽ ጌቶች እንደ ማለት ነው። ትልቅ ፋብሪካ የላቸውም። አንዲት ክፍል ወይም አንድ መሥሪያ ጠረጴዛ ተከራይተው አንዱ ስለት ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ይሞርዳል፣ አንዱ እጀታና ሞላውን ገጥሞ ሰንጢ ያደርገዋል። ኑሮው ከባድ ነበር። የድንጋይና የብረት ብናኝ የሞራጆቹን ሳንባ ይበላ ነበር፤ በተለይ በደረቅ ድንጋይ ሹካ ከሚሞርዱት ብዙዎቹ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች በመስታወት ሣጥን የሚያስቀምጡት የሚያበራ ስለት የሰው እስትንፋስ የወጣበት ነው። ይህን ሳናስብ ስለ ውበቱ ብቻ ብናወራ ግፍ ይሆናል።

ሐሰተኛ ዕቃ የዛሬ ችግር ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ሠሪዎች በርካሽ ስለታቸው ላይ የሼፊልድን ስም እየመቱ ይሸጡ ነበር። የሼፊልድ ሰዎች ጮኹ፣ ብሪታንያም በ1887 ባወጣችው የንግድ ዕቃ ምልክት ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በሐሰት የእንግሊዝ ስም እንዳይዝ ከለከለች። “በጀርመን የተሠራ” የሚለው ጽሑፍ የተስፋፋው በዚያ ነው፤ ለማሳፈር የታሰበ ነበር። የዞሊንገን ሰዎች ግን ሥራቸውን አሻሽለው ያንኑ ጽሑፍ መኩሪያ አደረጉት። ቆይተውም የራሳቸው ስም መሰረቅ ሲጀምር በ1938 “ዞሊንገን” የሚለውን ስም በሕግ አስጠበቁ። ትናንት የሰው ስም ይወስድ የነበረ ነገ ለራሱ ስም ዘበኛ ይቀጥራል። በየኬላው የምናየው ነገር ነው።

ነጥብ የሚቆጥሩ ወዳጆች

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ እንምጣ። በሼፊልድ የተማሩ ብዙ ሙያተኞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በ1890 አሜሪካ ቀረጥ ከፍ ስታደርግ ደግሞ የሼፊልድ ሰንጢ ትልቁን ገበያውን አጣ፤ የአሜሪካ ሠሪዎች ቦታውን ያዙ። ቀረጥ የስንቱን ቤት እንደሚዘጋና እንደሚከፍት ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

ከአሜሪካዎቹ ሠሪዎች አንዱ ኬዝ ነው። የኬዝ ወንድማማቾች በ1889 በኒውዮርክ ግዛት ጀመሩ፤ የዛሬው ድርጅት በ1905 በፔንሲልቬንያ ግዛት በብራድፎርድ ከተማ ተተከለ። የኬዝ ሰንጢ ሥሩ ላይ ድርብ ኤክስ አለው፤ ብረቱን ለማጠንከር ሁለት ጊዜ በእሳት ማለፉን ያመለክታል። ምልክቱ በየዘመኑ ስለተቀየረ አንድ ሰብሳቢ ሥሩን አይቶ ሰንጢው መቼ እንደተሠራ ይናገራል። በ1970 ድርጅቱ ከምልክቱ ጋር አሥር ነጥብ መታ፤ በየዓመቱም አንድ አንድ ነጥብ ቀነሰ። ዘጠኝ ነጥብ ካለው የ1971፣ አንድ ነጥብ ብቻ ከቀረው የ1979 ነው። ቁጥሩም የራሱ ቋንቋ አለው። 6254 ከተባለ 6 እጀታው ከአጥንት መሆኑን፣ 2 ሁለት ስለት እንዳለው፣ 54 ደግሞ ቅርጹን ይናገራል። የዕቃ ግምጃ ቤት ካርድ የያዘ ሁሉ ይህ ነገር ይገባዋል።

እነዚያ ነጥቦች ሠሪውንና ገዢውን አገናኙ። ገዢው ሰንጢውን አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ማየት ጀመረ፤ ያላወቀውን ከጎረቤቱ ጠየቀ፤ አንዱ የጎደለውን ከሌላው ለወጠ። በ1970 በእጃቸው የሚሠሩ የስለት ሙያተኞች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1972 ደግሞ ሰብሳቢዎቹ በቴነሲ ግዛት አገር አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። በየዓመቱ በሚደረጉ ትርኢቶች ሠሪው ከጠረጴዛው ጀርባ ይቆማል፣ ሰብሳቢው ከፊት። ገበሬና ሐኪም፣ መካኒክና ዳኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያጎነብሳሉ። “ይራመዳል፣ ይናገራል” ይላሉ ጥሩ ሰንጢ ሲያገኙ፤ ሲከፈት ያለ ማንገራገር ይሄዳል፣ ሲዘጋ ደግሞ ጠቅ ይላል ማለታቸው ነው።

የወዳጅነቱ መፈተኛ ግን ሐሰተኛው ነው። አሮጌ ምልክት ፍቆ ሌላ የሚመታ፣ ከሦስት ስብርባሪ አንድ “ጥንታዊ” ሰንጢ የሚገጥም ነጋዴ እዚያም አለ። እዚያ አዲስ ገቢውን የሚያድነው ሕግ ሳይሆን ሽማግሌ ሰብሳቢ ነው። ጀማሪው ሊገዛ ሲል ትከሻውን ነካ አድርጎ “ቆይ፣ ሥሩን በመነጽር እየው” ይለዋል። ሾፌሩ ለእኛ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ሱቅ የነበረው ሰብሳቢ

ከሁሉ የነካን ታሪክ የአንድ ባለ ሱቅ ነው። ኬን ሃውሊ ይባላል፤ በ1927 ተወልዶ በ2014 አርፏል። ሼፊልድ ውስጥ የእጅ መሣሪያ ይሸጥ ነበር። በእሱ ዘመን የከተማዋ ሙያ እየሞተ ነበር። ርካሽ ዕቃ ከውጭ ይገባል፣ ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፣ ትንንሾቹ ጌቶች አርጅተው ሲሞቱ መሣሪያቸው ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። ሃውሊ ሊዘጋ ያለ መሥሪያ ቤት ሲሰማ እየሄደ መዶሻውን፣ ሞረዱን፣ ያላለቀውን ስለት፣ የዋጋ ዝርዝሩን ሳይቀር ይሰበስብ ጀመር። ዕቃውን ብቻ አልወሰደም፤ “ይህን እንዴት ትሠሩት ነበር?” እያለ ሙያተኞቹን እየጠየቀ አሠራራቸውን መዘገበ። ስብስቡ ከ70 ሺህ ዕቃ በላይ ሲሆን ዛሬ በዚያው ከተማ ኬልሃም አይላንድ በሚባለው ሙዚየም ይገኛል። ሕይወቱን በትርፍና ኪሳራ ያሳለፈ ነጋዴ ገበያ የጣለውን ነገር አነሣ።

ከሠሪዎቹ ወገን ደግሞ ስታን ሾው አለ። በ1926 ተወለደ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ አንድ የሰንጢ መሥሪያ ቤት ገብቶ ሥራ ጠየቀ፣ ከአሮጌ ባለሙያዎች እግር ሥር ተማረ። ሌሎች እየተዉት እሱ ሰባ ዓመት አልፎ በጠረጴዛው ቆየ። ስለቱን፣ ሞላውን፣ የዛጎልና የቀንድ እጀታውን ሁሉ በራሱ እጅ ይሠራ ነበር። ከየአገሩ ሰብሳቢ ይጽፍለታል፤ አንድ ሰንጢ ለማግኘት ለዓመታት ወረፋ ይጠበቃል። በ2017 የብሪታንያ ሜዳልያ ተሸለመ፣ በ2021 በ94 ዓመቱ ዐረፈ።

ፋብሪካ የተወውን ሙያ ያቆየው ያ ወረፋ ነው። ሰብሳቢዎቹ ሾውን የወደዱት የገዙት ሰንጢ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። ስም የሌለው ዕቃ ከረከሰው ጋር በዋጋ ብቻ ይወዳደራል፣ ይሸነፋልም። ስም ያለው ዕቃ ግን ወዳጅ ያፈራል፤ ወዳጅም ይጠብቃል።

አንዲት ሳንቲም

በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች አንድ የቆየ ልማድ አለ። ሰንጢ በስጦታ ከተሰጠ ወዳጅነትን ይቆርጣል ይባላል። ስለዚህ ተቀባዩ ለሰጪው አንዲት ሳንቲም ይከፍላል፤ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ሽያጭ ይሆናል፣ ወዳጅነቱም ይተርፋል። አንዳንዱ ሰጪ ሳንቲሟን ራሱ ከሰንጢው ጋር አያይዞ ይልካታል፣ ተቀባዩ እንዲመልስለት።

ይህን ስናነብ ደስ አለን። ንግድ ወዳጅነትን ያበላሻል ሲባል ነው የምንሰማው። እነዚህ ሰዎች ግን ወዳጅነት እንዳይቆረጥ ንግድ ያደርጉታል።

ወደ እኛ ስንመለስ

በመጨረሻ ይህ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ወሰደን። የእኛስ ሠሪዎች?

ብረት መቅጠቅጥ በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ካራው ከወናፍ ፊት ከተቀመጠ ሰው እጅ ወጥቷል። የዚያ ሰው ስም ግን በዕቃው ላይ የለም። ያለው ስድብ ነው። በአማርኛ “ጠይብ” ብለን አራከስነው፤ ቃሉ ግን “ጠቢብ” ከሚለው የመጣ ነው። ቡዳ ነው ብለን ፈራነው። በዚህ በእኛ መንገድ ላይ በኦሮምኛ “ቱምቱ”፣ በሶማሊኛ “ቱማል” ይባላል፤ ሁለቱም ቃሎች ከመቀጥቀጥ የመጡ ናቸው። በሁሉም ዘንድ ዕቃው ይገዛል፣ ጋብቻ ግን ይከለከላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛም “መጫኛ ነካሽ” ስንባል የኖርን ነጋዴዎች ነንና ስድብ በአዋጅ ብቻ እንደማይነቀል እናውቃለን።

ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ በገበያ ቀን ከመኪና ባሌስትራ ካራ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አለ። ዕቃውን ለዓመታት ስንገዛ ስሙን አናውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ያን ሾፌር ይዘን ሄድን። ሁለቱ በቋንቋ አይግባቡም። ሾፌሩ ሰንጢውን ሰጠው። ሽማግሌው ከፈተው፣ ዘጋው፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ደገመው። ሞላውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየ። ከዚያ ከአሸዋው ላይ በእንጨት ሥዕል ሣለ። ሾፌሩ ቁጢጥ ብሎ ሌላ ሣለ። እኛ ሻይ አምጥተን ዝም ብለን አየናቸው።

በሦስተኛው ወር ሽማግሌው ሰንጢ ሠርቶ ጠበቀን። ትንሽ ይከብዳል፣ እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፣ ሲዘጋ ግን ጠቅ ይላል። “አባባ፣ ስምዎን ይምቱበት” አልነው። ራሱን ነቀነቀ።

“ስሜ ከተመታበት ማን ይገዛዋል? ካራዬን ይወዱታል፤ ልጄን ግን አያገቡም።”

የምንመልሰው አልነበረንም። ከመካከላችን ሁለቱ ዓይናችንን መሬት ላይ ተከልን፤ በቤታችን ምን ሲባል እንዳደግን እናውቃለንና። የኬዝን ነጥቦች የነገርነው ኋላ ላይ ነው። “ስም ካልሆነ ነጥብስ?” አልነው። ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ጉጠቱን አስቀምጦ ሹል ብረት አነሣና ስለቱ ሥር ሦስት ነጥብ መታ።

ዋጋውን ከፍለን ስናበቃ አንድ ብር ሳንቲም ጨመርንለት። ለምን እንደሆነ ነገርነው። ሳቀና ሳንቲሙን በኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወዲህ በወር ጥቂት ሰንጢ እየወሰድን እንሸጣለን። ብዙ አያተርፍም። ግን ባለፈው ገበያ አንድ እረኛ መጥቶ “ያ ባለ ሦስት ነጥቡ አለ?” ብሎ ጠየቀ። ስሙን ገና እዚህ ልንጽፍ አልፈቀደልንም፤ እኛም አልጻፍነውም። ሲፈቅድ እንጽፋለን።

እናንተም በየኬላችሁ፣ ከመተማ እስከ ጋላፊ፣ ከቶጎ ውጫሌ እስከ ሞያሌ፣ ካራ ወይም ሰንጢ ስትገዙ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ሥሩን እዩት። ምልክት ካለው የማን እንደሆነ ጠይቁ። ከሌለው ደግሞ የሠራውን ሰው በስሙ ጥሩት።